ከሰርዶ ባዛልት እስከ ናኖ ሽቦ፦ በቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ውስጥ ስለሚፈጠር ሱፐርኮንዳክቲቪቲ

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሳችንን አቆጣጠር ስጠቀም ዓመተ ምሕረት ብዬ እለያለሁ።

የንግግሬ መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ቤተሰቦቹ በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ ምድር ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ቀዬአቸውን ለቀው ከወጡት ወገኖች መካከል ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ እንዲመርጥ የሰጠሁትን ዝርዝር በእጁ ይዟል። ጣቱን በአንዱ መስመር ላይ አሳርፎ፣ «መምህር፣ ይህ በቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ናኖ መዋቅር ውስጥ ስለሚፈጠር ሱፐርኮንዳክቲቪቲ የሚለው፣ እኔ ባጠናው ለእናቴና ለአባቴ ምን ይፈይዳል?» አለኝ። በዚያ ቀን የመለስኩለት መልስ ደካማ ነበር። ስለ ወደፊቱ ኮምፒውተር፣ ስለ ቴክኖሎጂ ዕድገት የተለመደውን ነገር ነገርኩት፤ እርሱም በትሕትና አመስግኖኝ ወጣ። ያልተዋጠለት መሆኑን ግን ፊቱ ይናገር ነበር። የዛሬው ንግግር ለዚያ ተማሪ የሚገባውን መልስ ለመስጠት የማደርገው ሁለተኛ ሙከራ ነው።

ከሩቅ አልጀምርም፤ ከሰርዶ እጀምራለሁ። ከሰመራ ወደ ዲቾቶና ወደ ጋላፊ በሚወስደው አውራ ጎዳና የተጓዘ ሁሉ ሰርዶን ያውቃታል። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱና ከጅቡቲ የሚመለሱ ከባድ መኪናዎች ያልፉባታል፤ ወደ አፍዴራ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከእርስዋ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ይህች መንደር በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ታሪኩን መዝግቦ ያቆየልን የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች አባ ፒዬር ጉዌን ሲሆን፣ በ1979 ባሳተመው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ የሰርዶ መናወጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። ያ ኦብዘርቫቶሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሲቋቋም ከምክንያቶቹ አንዱ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ መሆንዋ እንደነበረ ልብ በሉ። በአገራችን የዘመናዊ ፊዚክስ ልኬት ከመግነጢስ ጋር ጥንትም የተሳሰረ ነው ማለት ነው።

በሰርዶ ዙሪያ የምናየው ጥቁር ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ነው። የዛሬ ከአንድ እስከ አራት ሚሊዮን ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ላቫ ነው። ላቫው ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች ከ580 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርዱ በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይይዛሉ፤ ከዚያም አይለቁትም። እያንዳንዱ የባዛልት ንጣፍ ስለዚህ ሰሜን በዚያን ዘመን ወዴት እንደነበረ የሚናገር ምስክር ነው። ድንጋዩ ከመሬቱ ጋር ከዞረ የያዘው ሰሜንም አብሮት ይዞራል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከዚህ አካባቢ ናሙና ወስደው ሲለኩ፣ የምሥራቅ መካከለኛው አፋር መሬት ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በሰዓት አቅጣጫ ወደ 11 ዲግሪ ያህል እንደዞረ አገኙ። በ2003 ደግሞ ኢትዮጵያዊው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ዶክተር ተስፋዬ ኪዳኔ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰፊው አጥንተው ጉዳዩን አብራሩት። ሥዕሉ ይህን ይመስላል፦ ሁለት ስምጦች ጎን ለጎን ተደራርበው ሲከፈቱ በመካከላቸው ያለው መሬት በመደርደሪያ ላይ ያለ ደጋፊ እንደቀሩ መጻሕፍት ያዘነብላል፤ መጻሕፍቱ እርስ በርስ ሲንሸራተቱ በመካከላቸው ያለው ስንጥቅ ይላወሳል። የ1961 ዓ.ም. የሰርዶ መናወጥ ከዚህ መንሸራተት ጋር ይስማማል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ የሚያገባን ጥያቄ ይመጣል። አንድ የእጅ አውራ ጣት የሚያህል ድንጋይ የያዘው መግነጢስ እጅግ ደካማ ነው፤ ታዲያ በምን ይለካል? ዛሬ በዓለም ላይ ባሉ ታላላቅ የጥንት መግነጢስ ቤተ ሙከራዎች በብዛት የሚሠራበት መሣሪያ ስኩዊድ ይባላል። ስኩዊድ በ1964 በአሜሪካ በፎርድ ኩባንያ የምርምር ቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራ የሱፐርኮንዳክተር ቀለበት ነው። ቀለበቱ በአንድ ወይም በሁለት ቦታ ቀጭን ድልድይ አለው፤ የዚያ ድልድይ ስም የጆሴፍሰን መጋጠሚያ ነው። ዛሬ በርእሳችን የምናየው ናኖ መዋቅርም በመሠረቱ ያው የጆሴፍሰን መጋጠሚያ ነው፤ የተለወጠው ድልድዩ የተሠራበት ቁስ ብቻ ነው። የሰርዶን ድንጋይ የሚያነበው መሣሪያና በተማሪው ጣት ሥር የነበረው ርእስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ሱፐርኮንዳክተር ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስታውሳችሁ። በ1911 ሄይከ ካመርሊን ኦነስ በላይደን ከተማ ባዜቃን ወደ 4.2 ኬልቪን ሲያወርደው የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ በድንገት ጠፋ። ምክንያቱን ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር እስኪያስረዱ ድረስ 46 ዓመት አለፈ። በ1957 እንደገለጹት ኤሌክትሮኖቹ በክሪስታሉ ንዝረት አማካይነት ይጣመራሉ፤ ጥንዶቹም ሁሉ በአንድ የኳንተም ሞገድ ይንቀሳቀሳሉ። ጥንድን ለመበተን የተወሰነ ጉልበት ስለሚያስፈልግ በኤሌክትሮኖቹ የጉልበት ደረጃዎች መካከል ክፍተት ይፈጠራል። ያ አንድ ሞገድ ደግሞ አንድ ፌዝ አለው። ፌዝ ስል ቀልድ ማለቴ እንዳልሆነ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች እንዲረዱልኝ እጠይቃለሁ፤ የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ በአንድ ሰዓት የት እንደሚገኝ የሚነግረን ቁጥር ነው። በ1962 የካምብሪጅ ተማሪ የነበረው የ22 ዓመቱ ብራየን ጆሴፍሰን በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መካከል ቀጭን ግድግዳ ቢቀመጥ የፌዛቸው ልዩነት ብቻውን፣ ያለ ምንም ቮልቴጅ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚያፈስ ተነበየ። ትንቢቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በሙከራ ተረጋገጠ።

ቀጥሎ የሚመጣው የጉርብትና ውጤት ነው። ጎረቤት ቡና ስትቆላ ሽታው ግድግዳ አልፎ ወደ ቤታችን ይገባል፤ እኛ ዘንድ ምድጃ ባይነድም ቤቱ ቡና ቡና ይላል። ከግድግዳው በራቅን ቁጥር ግን ሽታው ይደክማል። ወርቅ በራሱ ሱፐርኮንዳክተር አይደለም፤ ከኒዮቢየም ጋር በንጹሕ ገጽ ከተጣበቀ ግን የኒዮቢየሙ ጥንዶች ወደ ወርቁ ዘልቀው የተወሰነ ርቀት ይጓዛሉ። በዚያ ርቀት ውስጥ ወርቁ የሱፐርኮንዳክተርን ጠባይ ይዋሳል። ምሳሌዬ አንድ ጉድለት አለበት። የቡና ሽታ ፌዝ የለውም፤ ወደ ወርቁ የገቡት ጥንዶች ግን የእናት ቤታቸውን ፌዝ ይዘው ነው የሚገቡት። የዛሬው ጉዳያችን ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በ1964 አንድሬዬቭ አሳየ። ከወርቁ በኩል ወደ ድንበሩ የመጣ አንድ ኤሌክትሮን ጉልበቱ ከክፍተቱ ያነሰ ከሆነ ብቻውን መግባት አይችልም፤ በሩ የሚያስገባው ጥንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ከወርቁ ሌላ ኤሌክትሮን ይዞ ይገባል፤ የተወሰደው ኤሌክትሮን በተለቀቀበት ቦታም ጎዶሎ ይቀራል። ያ ጎዶሎ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወርቁ በሁለት ሱፐርኮንዳክተሮች መካከል ከሆነ ኤሌክትሮኑና ጎዶሎው እየተመላለሱ ጥንዶችን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ። በቀጭን ድልድይ ላይ ሬዚስታንስ የሌለው ጅረት የሚያልፈው በዚህ ነው።

አሁን ድልድዩን ከወርቅ ወደ ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር እንለውጥ። አንድ መቀነት ውሰዱና ሁለቱን ጫፎች ሰፍታችሁ ቀለበት አድርጉት። ሌላውን መቀነት ደግሞ ግማሽ ዙር ጠምዝዛችሁ ስፉት። ሁለተኛውን ብትስቡት፣ ብትጨማድዱት፣ ብታጥቡት ጥምዝዙ አይጠፋም። የሚጠፋው በመቀስ ከተቆረጠ ብቻ ነው። በአንዳንድ ክሪስታሎች ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ሞገዶች እንደ ሁለተኛው መቀነት የተጠመዘዙ ናቸው፤ ውጪ ያለው ባዶ ቦታ ደግሞ እንደ መጀመሪያው ያልተጠመዘዘ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ጥምዝዙ መፈታት አለበት፤ መቀሱም የጉልበት ክፍተቱ መዘጋት ነው። ክፍተቱ ሲዘጋ ጅረት ያልፋል። ውስጡ ኢንሱሌተር የሆነ ቁስ ገጹ ሳይወድ በግድ አስተላላፊ ይሆናል።

ይህ ሐሳብ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2006 በርኔቪግ፣ ሂዩዝና ጃንግ በሜርኩሪ ቴሉራይድ ውስጥ እንደሚገኝ ተነበዩ፤ በ2007 በጀርመን የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ የላውረንስ ሞለንካምፕ ቡድን በሙከራ አሳየው። በ2009 ቢስሙዝ ሴሌናይድ የተባለው ክሪስታል የሦስት አውታር ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር መሆኑ ታወቀ፤ የውስጡ ክፍተት 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል በመሆኑ ጠባዩ በክፍል ሙቀት እንኳ አይጠፋም። በእነዚህ ገጾች ላይ የኤሌክትሮኑ ስፒን ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ተቆልፏል። በሰርዶ በኩል የሚያልፈው መንገድ ላይ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት መኪናዎች ሁሉ ቀይ፣ የሚመለሱት ሁሉ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ሊኖራቸው ቢታዘዝ፣ ቀይ መኪና ጉድጓድ ስላጋጠመው ብቻ ዞሮ መመለስ አይችልም፤ ለመመለስ ቀለሙን መቀየር አለበት። መግነጢስ የሌለው ተራ እንከን ስፒንን ስለማይገለብጥ ኤሌክትሮኑን ቀጥታ ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም።

በ2008 ሊያንግ ፉና ቻርልስ ኬን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ሁለቱን አንድ ላይ አሰቧቸው። ተራ ሱፐርኮንዳክተር በቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ገጽ ላይ ቢነጠፍ በጉርብትና የገቡት ጥንዶች ስፒናቸው የተቆለፈ ኤሌክትሮኖች መካከል ይወድቃሉ። በዚያ የሚፈጠረው ሱፐርኮንዳክተር በተፈጥሮ እምብዛም የማናገኘው ዓይነት ይሆናል። በውስጡ የመግነጢስ አዙሪት ሲገባ በአዙሪቱ እምብርት ላይ፣ በዜሮ ጉልበት፣ ግማሹ ኤሌክትሮን ግማሹ ጎዶሎ የሆነ ሁኔታ ይቀመጣል። ይህ ሁኔታ የራሱ ተጻራሪ ነው። በ1937 ጣሊያናዊው ኤቶሬ ማዮራና የራሱ ጸረ ቅንጣት የሆነ ቅንጣት ሊኖር እንደሚችል በቀመር አሳይቶ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ራሱ ማዮራና ከኔፕልስና ከፓሌርሞ መካከል የደረሰበት ጠፋ። በክሪስታል ውስጥ የተነገረለት ሁኔታ ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሁኔታዎች ተራርቀው ሲቀመጡ በአንድነት አንድ ቢት መረጃ ይይዛሉ፤ አንዱን ብቻ የነካ ሁከት መረጃውን ሊያጠፋው አይችልም። ለኳንተም ኮምፒውተር የተሰነቀው ተስፋ ከዚህ የመነጨ ነው።

ለምን ናኖ መዋቅር ያስፈልጋል? አንደኛው ምክንያት የቁሱ ርኩሰት ነው። ቢስሙዝ ሴሌናይድ ሲሠራ ከሴሌኒየም አተሞች አንዳንዶቹ ቦታቸውን ለቀው ስለሚቀሩ በውስጡ ትርፍ ኤሌክትሮን ይተዋሉ። በወረቀት ላይ ኢንሱሌተር የሆነው ውስጥ በቤተ ሙከራ ጅረት ያስተላልፋል፤ የገጹንም ድምፅ ያፍናል። ሽቦ ስናቀጥነው የገጹ ድርሻ ያድጋል። የሲሊንደር ገጽ ለይዘቱ ያለው ንጽጽር አራት ሲካፈል ለውፍረቱ ነው፤ ስለዚህ ከ1 ሚሊሜትር ወደ 100 ናኖሜትር ስንወርድ የገጹ ድርሻ ዐሥር ሺህ ጊዜ ይጨምራል። ነገር ግን ማቅጠንም ወሰን አለው። ስስ ንጣፉ ከ6 ናኖሜትር ገደማ በታች ሲሆን የላይና የታች ገጾች ይቀላቀሉና የምንፈልገው ሁኔታ ይበላሻል።

ሁለተኛው ምክንያት ጂኦሜትሪ ነው። በሽቦው ዙሪያ የሚዞር ኤሌክትሮን ስፒኑም አብሮት አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል፤ የስፒን ጠባይ ሆኖ ሞገዱ ሲመለስ ምልክቱ ተገልብጦ ይመለሳል። በዚህ የተነሣ መግነጢሳዊ መስክ በሌለበት ሽቦው በዜሮ ጉልበት ሁኔታ የለውም። በሽቦው ርዝመት አቅጣጫ ግማሽ የፍለክስ ኳንተም ብናሳልፍ ግን ተገልብጦ የነበረው ይቃናል፤ ነጠላና የተጠበቀ መንገድ ይከፈታል። በ2011 ኩክና ፍራንዝ ሱፐርኮንዳክተር የጎረበተው እንዲህ ያለ ሽቦ በሁለቱ ጫፎቹ ማዮራና ሊይዝ እንደሚችል አሳዩ። መስኩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናስላ። ውፍረቱ 100 ናኖሜትር የሆነ ክብ ሽቦ ስፋቱ 7.85 ሲባዛ በዐሥር ኔጌቲቭ 15 ካሬ ሜትር ነው። ግማሽ የፍለክስ ኳንተም 2.07 ሲባዛ በዐሥር ኔጌቲቭ 15 ቬበር ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል 0.26 ቴስላ እናገኛለን። ይህ ከምድራችን መስክ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ወፍራም አልሙኒየም በ0.01 ቴስላ ገደማ ሱፐርኮንዳክተርነቱን ያጣል፤ በዚህ መስክ ሊያገለግለን የሚችለው በጣም ስስ ሆኖ ከመስኩ ጋር ትይዩ ሲነጠፍ ነው። ኒዮቢየም በአንጻሩ ይቋቋመዋል። አንድ መስመር የማካፈል ስሌት የትኛውን ብረት እንደምንገዛ ይነግረናል። ተማሪዎቼን የቁጥር ልምምድ ስሰጥ የማጉረምረማችሁን ነገር እዚህ ላይ አስቡልኝ።

ሙከራው እስካሁን ምን አሳየ? ከ2011 ጀምሮ በቢስሙዝ ሴሌናይድ ድልድይ ላይ ሬዚስታንስ የሌለው ጅረት እንደሚያልፍ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ታይቷል። በ2014 የሃርቫርድና የቩርዝቡርግ ተመራማሪዎች በሜርኩሪ ቴሉራይድ ውስጥ ይህ ጅረት በጠርዞቹ ብቻ እንደሚጓዝ አሳዩ። ስለዚህ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ወደ ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር በጉርብትና እንደሚገባ ጥርጥር የለም። አከራካሪው ቀጣዩ ነገር ነው፤ የገባው ማዮራናን የሚወልደው ዓይነት ነው ወይ?

ለዚህ አንዱ መፈተኛ የሻፒሮ ደረጃዎች ናቸው። መጋጠሚያውን በማይክሮዌቭ ብናበራው ቮልቴጁ እንደ ደረጃ እየዘለለ ይወጣል፤ ለአንድ ጊጋኸርዝ የአንዱ ደረጃ ከፍታ 2.07 ማይክሮቮልት ነው። ማዮራና ካለ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ደረጃዎች መጥፋት ይገባቸዋል። በ2016 በሜርኩሪ ቴሉራይድ መጋጠሚያ የመጀመሪያው ደረጃ ጠፍቶ ታየ፤ በ2017 ደግሞ ብዙ ጎዶሎ ደረጃዎች ጠፍተው ታዩ። ደስታው ታላቅ ነበር። በ2021 ግን ምንም ቶፖሎጂ በሌለው ተራ መጋጠሚያ ላይም እንዲሁ ደረጃ ሊጠፋ እንደሚችል ሌሎች በሙከራ አሳዩ። ምልክቱ አስፈላጊ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። በ2018 ኔቸር ላይ የወጣ፣ በሴሚኮንዳክተር ናኖ ሽቦ ውስጥ የማዮራናን ትክክለኛ አሻራ አገኘን ያለ ጽሑፍ በ2021 ተሰረዘ። ሁለት ፊዚሲስቶች ጥሬ መረጃውን ጠይቀው ሲመረምሩ ከታተመው ሥዕል ውጪ የቀረ ከድምዳሜው ጋር የማይስማማ መረጃ ስላገኙ ነበር። በ2017 ሳይንስ ላይ የወጣ፣ ሱፐርኮንዳክተርን ከመግነጢሳዊ ቶፖሎጂያዊ ኢንሱሌተር ጋር ያጣመረ ሌላ ጽሑፍም በ2022 ተሰርዟል። ይህን የምናገረው ማንንም ለመዝለፍ አይደለም። ሰው ማየት የሚፈልገውን ነገር ቀድሞ ካወቀ ዓይኑ ያንኑ ብቻ ይመርጣል፤ ይህ በእኔም ደርሷል።

የዶክትሬት ተማሪ ሳለሁ፣ በውጭ አገር፣ አንድ ስስ ንጣፍ ላይ ለወራት ስለካ ቆይቼ በአንድ ሌሊት ሬዚስታንሱ በ3.4 ኬልቪን ላይ ወደ ዜሮ ሲወርድ አየሁ። በጉርብትና የመጣ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ አገኘሁ ብዬ ለቤተሰቤ ስልክ ደወልኩ። ጽሑፍ መጻፍም ጀመርኩ፤ መግቢያውን ጨርሼ ነበር። ጠዋት አማካሪዬ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «ሽቦዎቹን በምን አጣበቅህ?» ያጣበቅሁት በኢንዲየም ነበር። ኢንዲየም በ3.4 ኬልቪን ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ለወራት ስለካው የኖርኩት ንጣፌን ሳይሆን ማጣበቂያዬን ነው፤ ኢንዲየሙ በንጣፉ ላይ ተንጠባጥቦ ሁለቱን ጫፎች አገናኝቷቸው ነበር። የተሰማኝ ሐፍረት ዛሬም አይረሳኝም። ነገር ግን ሌላ ነገርም አስተውያለሁ፤ ቁጥሩን በሠንጠረዥ ፈልጌ ለማመሳከር የሚያስፈልገኝ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ስላላየሁት ሳይሆን ማየት ስላልፈለግሁ ነው የዘለልኩት። ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ የማወርሰው ደንብ አለኝ። ውጤትህ ትክክል ነው ብለህ ከማመንህ በፊት ያንኑ ሥዕል ሊሰጥ የሚችል ተራ ምክንያት ቢያንስ ሦስት ጻፍ፤ እያንዳንዱንም በሙከራ ወይም በስሌት ሻር።

አሁን ወደ እኛ ሁኔታ ልመለስ። ይህ ሙከራ የሚካሄደው በ0.02 ኬልቪን ገደማ ነው። የሰመራ ቀትር 42 ዲግሪ ሲደርስ 315 ኬልቪን ነው፤ ከሙከራው ሙቀት ከዐሥራ አምስት ሺህ ጊዜ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በቅርብ ጊዜ እዚህ ይተከላል ብዬ አላባብላችሁም። የምንችለው ግን ጥቂት አይደለም። በአገራችን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከማንም በላይ የሚታወቀው ከብት ለማዳቀል አባላዘር በሚያቆዩ የእንስሳት ባለሙያዎች ዘንድ ነው። ያው ናይትሮጅን በ77 ኬልቪን ስለሚፈላ፣ በ1987 የተገኘውንና እስከ 92 ኬልቪን ድረስ ሱፐርኮንዳክተር የሆነውን የኢትሪየም፣ የባሪየምና የመዳብ ኦክሳይድ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ከእንስሳት ሳይንስ ባልደረቦቻችን ጋር በመተባበር ማግኔት በአየር ላይ ሲንሳፈፍ ለተማሪዎች ማሳየት እንችላለን።

ለርእሳችን ለራሱ ደግሞ የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና ተራ ላፕቶፕ ነው። ክዋንት የተባለው በፓይተን የሚሠራ ነጻ ሶፍትዌር የናኖ ሽቦን ሬዚስታንስና የአንድሬዬቭ ነጸብራቅን ያሰላል። እነዚያ የተሰረዙ ጽሑፎች ያስተማሩንም ዓለም በአሁኑ ሰዓት የጎደለው ሌላ አስደናቂ ሥዕል እንዳልሆነ ነው፤ የሚፈለገው ተራ ምክንያቶችን በትዕግሥት የሚዘረዝርና የሚያሰላ ሰው ነው። የሽቦው ውፍረት ወጥ ባይሆን፣ የሱፐርኮንዳክተሩ ገጽ ቢቆሽሽ፣ ውስጡ ጥቂት ጅረት ቢያስተላልፍ ምን ዓይነት ሐሰተኛ ማዮራና ይታያል? ይህ ጥያቄ ሂሊየም አይጠይቅም፤ ከሰመራ ሊመለስ ይችላል።

ለተማሪዬ የሚገባው መልስ እንግዲህ ይህ ነው። ልጄ፣ ይህ ጥናት የመሬት መንቀጥቀጥን አይተነብይም፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገር ፊዚክስ ዛሬ የለም፤ አለ የሚልህንም አትመን። የእናትህንና የአባትህን ቤት መልሶ አይሠራም። ነገር ግን ጆሴፍሰን በ1962 ያንን ቀመር ሲጽፍ ስለ ባዛልት አላሰበም፤ ቢሆንም የእርሱ መጋጠሚያ ከጊዜ በኋላ ድንጋይ የያዘውን የጥንት ሰሜን ማንበቢያ ሆነ። የሰርዶ መሬት እንደ መደርደሪያ መጻሕፍት እያዘነበለ መሆኑን የምናውቀው ድንጋዩ ስለተነበበ ነው፤ የት መንደር ቢሠራ፣ የት መንገድ ቢጠረግ የሚሻል መሆኑን የሚመክሩ የሥነ ምድር ባለሙያዎች በዚያ እውቀት ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ሥራ ከጥቅሙ በፊት ይመጣል፤ በመካከል ያለውን ርቀት ደግሞ ማንም አስቀድሞ ሊለካው አይችልም። ይህንን ብቻ ነው ቃል ልገባልህ የምችለው።

ተማሪው ርእሱን ወስዷል። በመጀመሪያ የሰጠኝ ረቂቅ ላይ በዜሮ ጉልበት አንድ ሹል ከፍታ ይታያል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፉ ሦስት ተራ ምክንያቶች ዘርዝሯል፤ ሁለቱን በስሌት ሽሯቸዋል፤ ሦስተኛውን ገና አልሻረም። ሦስተኛው እስኪሻር ድረስ ማዮራና የሚለውን ቃል በርእሱ ላይ እንዳይጽፍ ተስማምተናል።

ጥያቄና ትችት ካላችሁ ከትችቱ እንጀምር።